ናፍጣን ከውሃና ከጉድፍ ስለ መጠበቅ

(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅም ወዲያ በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተቀየሰው የሊማሊሞ መንገድ ገደሉን ተጠማዝዞ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው ፍሬኑንና ጎማውን መመርመሩ የተገባ ነው፤ ነገር ግን የነዳጁ ንጽሕና ከነዚህ የሚያንስ ነገር አይደለም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ናፍጣን በንጽሕና መያዝ የገንዘብ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጥበቃ ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ በብርቱ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ናፍጣውም እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ በራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ይህን አሠራር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተግባር አሳይቷል። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓና የሚረጨው ኢንጀክተር በውስጣቸው ያሉት ክፍሎች እጅግ ተቀራርበው የተገጠሙ ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። እነዚህን ክፍሎች የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ከገባበት ብረቱ ይዝጋል፤ አቧራ ከገባበት ይፋቃል፤ ላምባ ከተቀላቀለበት ደግሞ ልስላሴው ቀንሶ ክፍሎቹ ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ቀን ፀሐዩ ያሞቃል፥ ሌሊት ብርዱ ይጠነክራል። መኪናው ነዳጁ ተጋምሶ ካደረ በማጠራቀሚያው ባዶ ክፍል ያለው እርጥበት እንደ ጤዛ በግድግዳው ላይ ያዛል፤ ከዚያም ይንጠባጠባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነዳጁን ጧት ከመቅዳት ይልቅ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይሻላል። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣም ቢሆን ሳይነቃነቅ አንድ ሌሊት ይርጋ፤ ሲቀዳም ከሥሩ ያለው ጥቂቱ ይቅር።

ከፊልትሮው ሥር ውሃ ማስወጫ ያለው መኪና ከሆነ፥ ውሃው ጧት ሞተሩ ሳይነሣ ይውጣ፤ በሌሊት ረግቶ የዘቀጠ ነውና። ንጹሕ ብርጭቆ ከሥር ያስቀምጡ፤ ማስወጫውን በጥቂቱ ያላሉ፤ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ይጫኑ። ውሃው በብርጭቆው ሥር ለብቻው ተለይቶ ይታያል። ንጹሕ ናፍጣ ብቻ መውረድ ሲጀምር ይዝጉ። የወጣውን ዝቃጭ በአፈር ወይም በወንዝ ላይ አያፍስሱ፤ የሰሜን ተራሮች ወንዞች ተከዜን የሚመግቡና ለብዙ ሰው የሚተርፉ ናቸው።

ፊልትሮው የሚለወጥበት ጊዜ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል፤ በአቧራማ መንገድ የሚሄድ ግን ከተባለው ቀደም ብሎ ይለውጥ። አሮጌውን በቤንዚን አጥቦ ወይም በአየር ነፍቶ መመለስ ቁጠባ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ሲቀደድ ጉድፉ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ያልፋል፤ የፖምፓ ዋጋም ከፊልትሮ ዋጋ ጋር የሚተያይ አይደለም። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ የእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ድረስ ይጫኑና በመሥመሩ የቀረውን አየር ያስወጡ። ሞተሩን ካስነሡ በኋላም የሚያፈስ ነገር አለመኖሩን ይመልከቱ።

ጥቁር ጭስ ሲታይ ኢንጀክተሩን ለማስፈታት አይቸኩሉ። በደባርቅ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አሥረኛ ያህል ስለሚያንስ፥ በተለይ ተርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥልበት አየር ያጥረዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የአየር ፊልትሮውን መመርመር ይገባል።

ከዚህ አልፎ ከፖምፓው ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደውን ቧንቧ በቤት መፍታት ክልክል ነው ብንል አልበዛም። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ግፊቱ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በዐይን የማይታይ ቀጭን ፍንጣቂ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅን ሊያሳጣ ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያሻል። ይህ የባለሙያው ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሥራ ነዳጁን ማጥራት፥ ውሃውን ማስወጣትና ፊልትሮውን በጊዜው መለወጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። እንግዲህ በእጃችን ያለው መኪና ብዙ ዘመን እንዲያገለግለን የምንሻ ከሆነ፥ በሳምንት አንድ ጧት ጥቂት ደቂቃ መስጠት አይክበደን። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።