ስንቅና ጓዝ በአድዋ ዘመቻ፦ ከእንጦጦ ሲታይ

ከየካ ኮረብቶች እስከ እንጦጦ አናት ያለውን ሸንተረር የሸፈነው ባሕር ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ከተማነት ጋር ተያይዞ ይነሣል። ነገሩ ግን የሠራዊት አቅርቦት ጉዳይም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ በእንጦጦ ሲከትሙ ከፍታው ለመከላከል ተመችቷል፤ ብዙ ሠራዊት ለመቀለብ ግን አስቸግሯል። እህሉ ዳገት ይወጣል፣ ማገዶው እየራቀ ይሄዳል። በ1879 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ ፍልውሃ ዙሪያ መውረድ ጀመረ። ባሕር ዛፍ የገባው ደግሞ በአድዋ ዘመቻ ዋዜማ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት እንጨት ሲያልቅ ከተማው ራሱ ይነሣ ነበር።

በመስከረም 1888 የክተት አዋጅ ሲነገርና ጦሩ ወረኢሉ እንዲሰበሰብ ሲታዘዝ፣ ዛሬ «ሎጂስቲክስ» የሚባል ራሱን የቻለ የጦር ክፍል አልነበረም። ዘማቹ በሶውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን ይዞ ይወጣል። ገባሩ እህል አስፈጭቶ ያቀርባል፤ አሽከሮች በቅሎና አህያ ይነዳሉ፤ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ይጋግራሉ። መቶ ሺህ ገደማ እየተባለ የሚጠቀሰው የሠራዊቱ ግምት እነዚህን በአብዛኛው አይቆጥርም። ይህ የአቆጣጠር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ስለ ጦርነቱ ያለንን ግንዛቤም ያዛባል፤ የጦሩን ዕድሜ የሚወስነው የእነዚሁ ሰዎች ሥራ ነበርና።

የሚጫነው ስንቅ መጠን የተወሰነ ነው። ሲያልቅ ሠራዊቱ የሚኖረው ከሰፈረበት አገር ባላገር ነው። ይህ ሸክም የወደቀው ከክፉ ቀን (1880–1884 ዓ.ም.) ገና ባላገገመ ገበሬ ላይ ነበር። የከብቱ በሽታ በሬን ፈጅቶ በቅሎንና አህያን አለመንካቱ ልብ ሊባል ይገባል፦ ማጓጓዣው ተርፏል፤ የተጎዳው የሚጓጓዘውን እህል የሚያመርተው እርሻ ነው።

በጥር 1888 የመቀሌው የእንዳኢየሱስ ምሽግ የተለቀቀው በመድፍ ሳይሆን የውሃ ምንጩ በመያዙ ነው፤ ለዚህም ዕቅድ እቴጌ ጣይቱ በስፋት ይጠቀሳሉ። በአድዋ ግን ርሃቡ ከሁለቱም ወገን ነበር። ከምፅዋ የሚነሣው የጣሊያን የስንቅ መስመር ተዳክሞ ለጄኔራል ባራቲየሪ የቀረው ምግብ የጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። የጦር አዛዦቹ ከማፈግፈግ ይልቅ መግጠምን እንዲመርጡ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በምኒልክ ሰፈርም ስንቅ ተመናምኖ፣ የካቲት 23 ጥዋት ውጊያው ሲጀመር ከወታደሩ ከፊሉ እህል ፍለጋ እንደ ወጣ ነበር። ጥቂት ቀናት ቢያልፉ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ሳይዋጋ መመለሱ የማይቀር ይመስላል።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ መረብን ያልተሻገሩበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፖለቲካዊ ስሌት መኖሩ አይካድም። ሆኖም ከሸዋ ከወጣ አምስት ወር ሊሞላው የተቃረበ፣ ስንቁን የጨረሰ፣ ቁስለኛና ምርኮኛ የያዘ፣ የበጋው ማለቅ የሚያሰጋው ሠራዊት ወደ አስመራ ቢገፋ በምን ይቀለብ ነበር የሚለው ጥያቄ ከፖለቲካው እኩል ሊመረመር የሚገባው ነው።