ሳይንቀሳቀሱ መታገል

በዴንቨር ካፒቶል ሂል ወደ ኮሎራዶ ምክር ቤት ሕንፃ በሚያስወጣው የምዕራብ በኩል ደረጃ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል የሚሆነው ከፍታ ምልክት የተደረገበት ሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ 15ኛው ደረጃ ላይ ተቀረጸ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች እንደገና ለክተው 18ኛው ነው አሉ፤ በ2003 ደግሞ 13ኛው ሆኖ ተገኘ። ኮረብታው አልተነቃነቀም፤ የተሻሻለው መለኪያው ነው። አይሶሜትሪክ የሚባለው የአካል ብቃት እንቅስቃሴም ታሪኩ ይህን ይመስላል። ነገሩ ቀላልና የቆየ ነው፣ ጥቅሙ ግን በየዘመኑ ሲለካ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ብሏል። ዛሬ የተደረሰበት ልኬት ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ በኮልፋክስ ጎዳና እስከ አውሮራ ለሚኖረው ሐበሻ፣ በተለይም «ግፊት አለብህ» ለተባለው፣ በቁም ነገር ሊያዝ የሚገባው ይመስለኛል።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «እኩል ልክ» እንደማለት ነው። ስንራመድ ወይም ዕቃ ስናነሣ ጡንቻችን ያጥራል፣ ይረዝማል፤ መገጣጠሚያችንም ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በአይሶሜትሪክ ግን ጡንቻው ኃይሉን ሲያወጣ መገጣጠሚያው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ፣ ወንበር ሳይኖር ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበትን አጥፎ መቆየት አንዱ ነው። በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ ማድረግ ሌላው ነው። መዳፍን በመጭመቂያ መጨበጥም ከዚሁ ይመደባል። ከውጭ ለሚያይ ሰውየው ምንም እየሠራ አይደለም። እሱ ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጭኑ ሲንቀጠቀጥ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ይሰማዋል። ጥንካሬው በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደማይመጣም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጡንቻው ይበልጥ የሚጠነክረው በተለማመደበት ማዕዘንና በአቅራቢያው ነው።

ጉዳዩ በሳይንስ ስም የገነነው ሄቲንገርና ሙለር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በ1953 ባወጡት ጥናት ነው። ዶርትሙንድ በሚገኘው የሥራ ፊዚዮሎጂ ተቋም ውስጥ ሆነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ6 ሰከንድ ብቻ፣ ከሙሉ ጉልበት በሁለት ሦስተኛው መታገል በሳምንት 5 በመቶ ያህል ጥንካሬ ይጨምራል አሉ። ዓለም ተደነቀ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ያን ያህል አላገኙም። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዘዴውን ያስወደሱት ክብደት አንሺዎችም ጡንቻ የሚያፋፋ መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር ሲታወቅ ዝናው ቀዘቀዘ። መቀዝቀዙ ተገቢ ነበር፤ ጨርሶ መረሳቱ ግን አልነበረም።

ምክንያቱም የዛሬው ዋና ማስረጃ የጡንቻ ሳይሆን የደም ሥር ጉዳይ ነው። በ2023 በብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ስፖርትስ ሜዲስን የወጣ ትንተና 270 ጥናቶችንና 15,827 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ አይቷል። እንደ እርምጃና ሩጫ ያለው እንቅስቃሴ የላይኛውን የደም ግፊት ቁጥር በአማካይ በ4.5 ያህል ሲቀንስ፣ አይሶሜትሪክ በ8.2 ያህል ቀንሷል፤ የታችኛውንም በ4 ያህል። ከሁሉም ለላይኛው ቁጥር የተሻለ ሆኖ የተገኘው ያ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ነው። ለዚህ የሚሰጠው አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ የተጨመቀው ጡንቻ በውስጡ የሚያልፈውን ደም ያፍናል፤ ሲለቀቅ ደሙ በኃይል ይመለሳል፤ ፍሰቱ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ሲያሽ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይመነጫል፤ ይህም ሥሩን ያላላዋል።

ለዚህ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በትግሉ ሰዓት ግፊቱ ይወርዳል ወይስ ይወጣል? ይወጣል። በ1937 አላምና ስመርክ የተባሉ ሐኪሞች የሚሠራን ጡንቻ የደም ዝውውር በማሰሪያ አግደው ሲለኩ፣ ማሰሪያው እስኪፈታ ድረስ ግፊቱ ከፍ እንዳለ ይቆይ ነበር። ትንፋሹን ይዞ ለሚያምጥ ሰው ደግሞ ከፍታው ይብሳል። ስለዚህ ግፊቱ በመድኃኒት ገና ያልተገታ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ደም ሥሩ አብጧል የተባለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መጀመር የለበትም። ሌላው ሰው ኃይሉን ሳያሟጥጥ፣ እየተነፈሰ ይሥራ። የጊዜው መውጣት የኋላውን መውረድ አይሽረውም፤ ሩጫም ቢሆን በሚሮጥበት ሰዓት የላይኛውን ቁጥር ያወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ኑሮ የሚመጣ ነው። አባቶቻችን ማኅሌት ቆመው ያድሩ የለም ወይ? እኛስ በመኪና ማቆሚያው፣ በጥበቃው፣ በሱቁ ቀኑን ሙሉ ቆመን አንውልም ወይ? ጸሎት ለጡንቻ ተብሎ የሚቆሙት አይደለምና እዚህ ሚዛን ላይ ላስቀምጠው አልፈልግም። ስለ መቆም ግን ይህን ማለት ይቻላል፤ ጉልበት ቀጥ ሲል የሰውነትን ክብደት አብዛኛውን የሚሸከመው አጥንትና ጅማት ነው፤ መቋሚያም ሲኖር ሸክሙ ይበልጥ ይቀላል። ጉልበት ሲታጠፍ ግን ሸክሙ ወደ ጭን ጡንቻ ይዞራል። የሥራ ቦታ መቆም ደግሞ የባሰ ጉድለት አለበት፤ መልቀቅ የለውም። ወገብና እግር ለሰዓታት ተወጥረው ይውላሉ፣ ያ የሚያላላው የደም መመለስ ግን በእረፍቱ ውስጥ ነው ያለው። በጥናቶቹ የተለመደው መጠን 2 ደቂቃ መታገል፣ 2 ደቂቃ ያህል ማረፍ፣ ይህንም አራት ጊዜ መደጋገም ነው። በጠቅላላው 14 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

ሦስተኛውን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ። የአይሶሜትሪክ ጥናቶች ከሩጫና ከእርምጃ ጥናቶች ቁጥራቸው ያነሰ፣ ብዙዎቹም ጥቂት ሰው ያሳተፉ፣ የሳምንታት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ልምምዱም ልብንና ሳንባን ለረጅም መንገድ አያዘጋጅም፤ የቺዝማን ፓርክን እርምጃ አይተካም፣ መድኃኒትንም አያስጥልም። ነገር ግን ዴንቨር በረዶ ሲጥል፣ በካፒቶል ሂል ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ለገባ ሰው የጂም ክፍያም ልብስም የማይጠይቅ ነገር ከዚህ ሌላ ብዙ የለም። ጀማሪ ጉልበቱን ብዙ ሳያጥፍ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ፣ ከ30 ሰከንድ ይጀምር፤ ጉልበቱን ካመመው የእጅ መጭመቂያውን ይያዝ፣ ከሙሉ ጉልበቱም በሲሶው ይጨብጥ። ቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ሰው ለ5 ደቂቃ አርፎ፣ በአንድ ክንድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከልምምዱ በፊት ይለካ። ቁጥሩን እየጻፈም ለሐኪሙ ያሳይ፤ በጥናቶቹ ለውጡ የታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና።