ድሪቶ፦ የመርፌ ሥራና የጽጌ ወራት በጎንደር ቤት

ድሪቶ የሚለው ቃል ዛሬ ከስድብ ተቆጥሯል። ልብሱ የነተበ ሰው ሲያልፍ «ድሪቶ ለባሽ» ይባላል፤ ሥርዐት ያጣ ጽሑፍ እንኳ ድሪቶ ተብሎ ይነቀፋል። የቃሉ ግሥ ግን «ደረተ» ነው፤ ትርጓሜውም ያረጀውን ሸማ መርጦ፥ ቁራጩን ከቁራጭ ገጥሞና ደራርቦ መስፋት፥ እንደገናም ብርድ የሚመክት ልብስ ማድረግ ማለት ነው። መናኝ ለብሶት ብናይ እናከብረዋለን፤ በገዛ አልጋችን ላይ ሲነጠፍ ግን እንግዳ እንዳያየው እንሸሽገዋለን። ክቡራን አንባቢያን ሆይ፥ ስለዚህ ሥራና በቤቷ ሆና ስለምትሠራው የጎንደር እመቤት ጥቂት እንድናወሳ ፍቀዱልን።

መርፌ የራሱ ወራት አለው። ጎንደር ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ተሠርታለች፤ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች። በዚህ አገር በሐምሌና በነሐሴ ጥጡ እርጥበት ስለሚጠጣ ለፈትል አይመችም፤ የታጠበ ሸማም ቶሎ አይደርቅም፤ ቤቱም ጨለማ ስለሚሆን የመርፌ ቀዳዳ አይታይም። ደመናው ሲገለጥ ግን ሥራው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራቸዋለች። ካህናቱ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ሲቆሙ ያድራሉ፤ በማግሥቱም ሰኞ እመቤቲቱ ቁርበቷን ከግቢው ፀሐይ ላይ ዘርግታ ጨርቋን ታወጣለች። በእሑድና በበዓል ቀን እንዝርት አይነሣምና ሥራው እንደ በዓላቱ ቊጥር ይቋረጣል፤ አርባ አራቱ ታቦት በሚባልባት ከተማ ይህ ቀላል ቊጥር አይደለም።

ከተቀመጠችበት አጠገብ ያለው ጓሮ በዚህ ወራት የሚታይ ነው። ጤና አዳም፥ በሶብላና አሪቲ ከአጥሩ ሥር ተጠጋግተው ይሸታሉ፤ ጌሾው ለጠላ፥ ኮሰረቱ ለቅቤ ይጠበቃል፤ ዱባው ከክረምት ጀምሮ የተሳበበትን ካብ ለቆ አይወርድም። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ለመሶብና ለሰፌድ የሚሆነው ስንደዶም የሚለቀመው መስከረም አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ወስፌና መርፌ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሁለቱም በቋንቋችን «ስፌት» መባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ድመቷ ካልተነገረ ደግሞ የዚህ ቤት ነገር አይሟላም። ጥጥ ባለበት ቤት አይጥ አይጠፋም፤ ባዘቶውን ለጎጆዋ ትመርጠዋለች፥ የተጣጠፈውንም ጋቢ በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። በፈታይ ቤት ድመት የምትያዘው ስለዚህ ለጥበቃ ነው። ሊቃውንት እንደ መረመሩት የቤት ድመት ዘር የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ተከተለችው፥ አይጧንም ድመት ተከተለቻት። ሆኖም ጠባቂዪቱ ራሷ ሌላ ጣጣ ታመጣለች። ልቃቂት ሲንከባለል ካየች የስንት ሰዓት ፈትል በአንድ አፍታ ታወሳስባለች። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም ይባላልና እመቤቲቱ ልቃቂቷን በሙዳይ ከድና ታስቀምጣለች። ሊሰፋ በተዘረጋው ጨርቅ መካከል ስትተኛ ግን መፍትሔ አልተገኘላትም፤ ጨርቁ ፀሐይ ሞቋልና።

የጨርቁ ጉዞ ረጅም ነው። ጥጡ ከመተማና ከቋራ ቆላ ወደ ገበያ ይመጣል። በብረት መዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። እስከዚህ ድረስ ያለው ድካም የሴት ነው፤ ሽመናው የወንድ ነው። በቀድሞዋ ጎንደር ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ቤተ እስራኤልም በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። እንግዲህ አንድ ጋቢ የአንድ ሰው እጅ ሥራ አይደለም፤ ክርስቲያኒቱ እናት የፈተለችውን የሌላ ሃይማኖት ጎረቤቷ ሲሸምነው የኖረበት አገር ነው።

ደግሞም ጋቢ ከመጀመሪያው ስፍ ነው። የባህል ሸማኔ መዋቅር ጠባብ ስለሆነ ሸማው በሰቅ በሰቅ ይወርዳል፤ ሰቆቹም ጎን ለጎን ተገጥመው በመርፌ ይያያዛሉ፤ ጋቢም አራት እጥፍ ይሆናል። አዲስ በሆነበት ቀን እንኳ በመካከሉ ስፌት አለበት።

ይህም በድኻ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ውስጥ ጎንደር የተሠራ ታላቅ የሐር መጋረጃ አለ። ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል፤ የቤተ መቅደስ መጋረጃ እንደ ነበረ ይታመናል። የተሠራው ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ገበታዎች ክሩን እያዞሩ በመሸመን ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ለመቀነትና ለጠባብ ጥብጣብ የሚውል ዘዴ ስለሆነ፥ በዚህ መንገድ ይህን የሚያህል ሥራ በዓለም እምብዛም አይገኝም። ሐሩ ከሩቅ ምሥራቅ በንግድ የመጣ ነው። ከእርሱ ጋር የሚዛመድ ሌላ መጋረጃ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሁለቱም ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ ከአገር የወጡ ናቸው። የቶሮንቶውን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም መጋረጃው ሦስት ሰቆች ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ የሆኑበት መሆኑን ነው። የነገሥታቱ ዘመን ሐር እንደ እናቶቻችን ጋቢ በስፌት የተገጠመ ነው።

ከአገራችን ውጭ ድሪቶ ክብር ያገኘበት ቦታ ብዙ ነው። የቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪያቸውን ደራርበው በሩጫ ስፌት ይጠቅሙታል፤ ካንታ ይሉታል። በአሜሪካ በአላባማ ጠቅላይ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር የባሮች ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፉት የአልጋ ልብስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በሂውስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታይቷል፤ በ2006ም የአገሪቱ ፖስታ ቤት በቴምብር አውጥቶታል። እነዚያ ሴቶች ሲሰፉ ያሰቡት ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው ብቻ ነበር።

ወደ ጎንደሯ እመቤት እንመለስ። ድሪቶ ለመሥራት መጀመሪያ አሮጌውን ሸማ ታጥባለች። እናቶቻችን የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ፥ እንዶድ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ሸማው ከደረቀ በኋላ ወደ ብርሃን ይያዛል፤ የሳሳው ተቈርጦ ይወጣል፥ ጠንካራው ይቀራል። ጥለቱ ቶሎ ስለማያልቅ ለዳር ይቀመጣል። ቁራጮቹ ስፌታቸው በአንድ መሥመር እንዳይውል እየተዛነፉ ይነጠፋሉ፤ አለዚያ ልብሱ በዚያው መሥመር ይቀደዳል። በመጀመሪያ በረጃጅሙ ይወሰወሳል፤ ከዚያም ከመካከሉ ተነሥቶ ወደ ዳር በደቃቁ ይጠቀማል፤ ከዳር የጀመረ ሰው መካከሉን አኮማትሮ ይቀራል። ዳሩ ይዘመዘማል፤ የተበሳው ይጣፋል። መወስወስ፥ መጥቀም፥ መዘምዘም፥ መጣፍ፤ ቋንቋው እነዚህን ሁሉ ለይቶ የሰየመው ሠሪዎቹ ለይተው ስላወቋቸው ነው።

ዛሬ ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር ይሠራል፤ ማጉም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሆኗል። ልጃገረዲቱ እንዝርት ትታ ደብተር መያዟን የሚነቅፍ ካለ አንስማማም፤ አንድ ጋቢ ፈትሎ ለማድረስ ስንት ወር እንደሚወስድ የሚያውቅ እንዲህ አይናገርም። ፈትል በገንዘብ ይገዛል። የሚያሳስበን መርፌው ነው፤ ከባዕድ አገር የሚመጣው ልብስ ርካሽ ስለሆነ የተቀደደውን መጣል ከመስፋት ቀልሏል፥ መስፋትም የማጣት ምልክት ሆኗል። እናት የሞተችበት ቤት ጋቢዋን በሣጥን ቆልፎ ያስቀምጣል፤ በሣጥኑም ውስጥ በእጥፋቱ መሥመር እየተበላ ያልቃል። ያንኑ ጋቢ ፈትቶና መርጦ ለልጅ ልጇ አልጋ የሚሠራ እጅ ከተገኘ ግን ሌላ 10 ዓመት ያሞቃል።

ይህ ሥራ ከኅዳር ውርጭ በፊት ሊያልቅ ይገባዋል። እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ባሳነጿት በደብረ ፀሐይ ቊስቋም ኅዳር 6 ቀን በዓሉ ሲከበር የጽጌው ወራት ተፈጽሟል፤ አደዩም ረግፏል፤ የደጋው ሌሊት ጠንክሯል። እመቤቲቱ የመጨረሻውን ክር ከቋጠረች በኋላ ቋጠሮውን በሁለቱ ንብብር መካከል ስባ ትደብቀዋለች፤ መወስወሻውን ክር መዝዛ ታወጣለች፤ ድመቷንም አስነሥታ ድሪቶውን ወደ ቤት ታስገባለች።