ካሣና ምጽዋት በአሜሪካ ኮሌጆች ደጅ

የዚህ ቻናል ተከታታዮች፣ በተለይም በዋሽንግተንና በአካባቢው ልጆቻችሁን ለኮሌጅ የምታዘጋጁ ወላጆች፣ «ከእንግዲህ በማመልከቻው ላይ ጥቁር ብሎ መሙላት ለልጄ ምን ይረባዋል?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ መልሱ ራሱ አጭር ቢሆንም ከበስተኋላው ያለው ነገር ረጅምና ለእኛ ለስደተኞቹም የኅሊና ጥያቄ የሚያነሣ በመሆኑ፣ አፈርማቲቭ አክሽን ስለሚባለው የድጋፍ እርምጃ ከሥሩ ጀምሬ ልጽፍላችሁ ወደድሁ፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ላይ በቀረበው ክስ በሰጠው ብያኔ፣ ኮሌጆች አመልካችን በዘሩ ምክንያት እንዳያስቀድሙ ስለ ከለከለ፣ በማመልከቻው ላይ ያለውን የዘር ሣጥን መሙላት ብቻውን የሚያስገኘው ብልጫ የለም፤ ይሁን እንጂ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ እንደ ጻፉት፣ ልጁ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያሳደረበትን ነገር በድርሰቱ ቢተርክ፣ ትረካው ስለ ገዛ ጽናቱና ችሎታው የሚመሰክር እስከ ሆነ ድረስ ኮሌጁ ሊመለከተው አልተከለከለም።

የነገሩ መነሻ ግን ኮሌጅ ሳይሆን ቅጥር ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 ባወጡት ትእዛዝ ከመንግሥት ጋር ውል የሚዋዋሉ ድርጅቶች ሠራተኛን በዘር ሳይለዩ እንዲቀጥሩ አዘዙ፤ ተከታያቸው ጆንሰንም ጁን 4 ቀን 1965 የእኛ ምግብ ቤቶች ከተሰበሰቡበት ከዩ ጎዳና ብዙ በማይርቀው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቆመው፣ ዘመኑን ሁሉ በሰንሰለት ታስሮ የኖረን ሰው ፈትቶ፣ ከሩጫው መነሻ አቁሞ፣ «እንግዲህ ከሌሎቹ ጋር ተወዳደር» ማለት ርትዕ ሊባል እንደማይችል ካስረዱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ትእዛዙን አጽንተው በአዲስ መልክ አወጡት። ይህ ሐሳብ በሥራ ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ በሉዊዚያና፣ ግራመርሲ ላይ በነበረው የካይዘር አሉሚኒየም ፋብሪካ በግልጥ ይታያል፤ ከአካባቢው ሠራተኛ ከመቶ 39 እጅ የሚሆነው ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ የሙያ ማኅበራቱ ለዘመናት ጥቁሮችን ባለማስገባታቸው ሙያውን የሚማሩበት በር ስለ ተዘጋባቸው፣ እስከ 1974 ድረስ ከ273ቱ የፋብሪካው ባለሙያዎች መካከል ጥቁሮቹ 5 ብቻ ነበሩ። ኩባንያውና የሠራተኞቹ ማኅበር ተስማምተው ከሥልጠናው ቦታ ግማሹን ለጥቁሮች ቢመድቡ፣ አንድ ነጭ ሠራተኛ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 ስምምነቱን አጸና። እዚህ ላይ በዳዩም፣ ተበዳዩም፣ በደሉም፣ መጠገኛውም በአንድ ግቢ ውስጥ ስለ ተገናኙ ማንም ሰው ሊያስተውለው ይችላል።

በኮሌጆች በኩል ግን መሠረቱ ቀደም ብሎ ተናግቶ ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ቦታ 16ቱን ለይቶ ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ አለን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች ባቀረበው ክስ፣ በ1978 ሚዛኑን በድምፃቸው የያዙት ዳኛ ሉዊስ ፓውል፣ ማኅበረሰቡ ባለፈው ዘመን የፈጸመው በደል ለዩኒቨርሲቲው በቂ ምክንያት እንደማይሆነው፣ ነገር ግን ልዩ ልዩ ዓይነት ተማሪዎች በአንድነት መገኘታቸው ለትምህርቱ ስለሚጠቅም ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ መመልከት እንደሚቻል ፈረዱ። በዚያ ችሎት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ከባርነት ጀምሮ ያለውን መከራ እየዘረዘሩ ለብቻቸው ቢጽፉም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ኮሌጆቹ ዕዳን ትተው ብዝኀነትን ብቻ መከራከሪያቸው አደረጉ፤ እኔም የነገሩ ውድቀት ከ2023 ሳይሆን ከዚህ ጀመረ እላለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን ያደገ ሰው የቀራጮችን አለቃ የዘኬዎስን ታሪክ ያውቃል፤ ዘኬዎስ ንስሐ በገባ ጊዜ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች፣ በሐሰት ለቀማቸው ደግሞ አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ሁለቱንም በአንድ አፍ ቢናገራቸው እንኳ ለያይቶ ነው የተናገራቸው፤ ፊተኛው ምጽዋት፣ ኋለኛው ካሣ ነውና፣ ለድኃ በመመጽወቱ ለተቀማው ሰው የሚገባው አይቀርለትም፤ ካሣውም ለተበዳዩ እንጂ ለመንገደኛ አይከፈልም። ዛሬ በአሜሪካ «ዘርን ትተን ድኽነትን ብቻ እንመልከት» የሚሉት ምጽዋቱን ለካሣ ምትክ ሲያደርጉት፣ በብዝኀነት ስም የሚከራከሩት ደግሞ ካሣው ለማን እንደሚገባ ሳይለዩ በመቅረታቸው፣ ሁለቱም ተበዳዩን ረስተውታል።

የዚህም ውጤት በእኛ ዘንድ ታየ። በ2004 የሃርቫርድ መምህራን ላኒ ጊኒየርና ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ በኮሌጁ የሚማሩት ጥቁሮች አብዛኞቹ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ሆነው፣ የአሜሪካ ባሮች ተወላጆች ግን ጥቂት መሆናቸውን በአደባባይ አንሥተው ነበር፤ በ2007 የታተመ ጥናትም በ28 የተመረጡ ኮሌጆች ከገቡት ጥቁሮች ከመቶ 27 እጅ፣ አይቪ ሊግ ከሚባሉት በተጠኑት ደግሞ 41 እጅ ያህሉ የስደተኛ ወገን መሆናቸውን አሳየ። አንዳንዶቻችን በሱዳን በረሃ አልፈን፣ ሌሎቻችን በዲቪ ደርሶን የመጣን ነንና የገዛ እንባችን አለን፤ ነገር ግን አባቶቻችን በቨርጂንያ ገበያ አልተሸጡም፤ የመጣንበትንም በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን ደማቸውን ባፈሰሱበት በዚያው የመብት ትግል ወራት ነው። ስለዚህ በየማኅበሩ «እኛ በጥረታችን ተምረናል፤ እነርሱ ለምን አቃታቸው?» የሚል ቃል ስሰማ ልቤ ይቆስላል። ቀጣሪው ወይም ፖሊሱ የአባትህን አገር ስለማይጠይቅ፣ ከአድልዎ መጠበቅ ለልጆቻችንም ይገባል፤ ካሣው ግን የእነርሱ ነው።

በሃርቫርዱ ክስ በእስያ ተወላጆች ስም የቀረበውም አቤቱታ ቀላል አልነበረም፤ ሃርቫርድ ስለ ጠባይ በሚሰጠው ነጥብ ዝቅ እንደሚደረጉ በችሎቱ ታይቷልና፣ ይህን ላስተባብል አልሻም። ነገር ግን ከዚያው ክርክር በወጣው መረጃ በተሠራ ጥናት ሃርቫርድ ከሚቀበላቸው ነጮች ከመቶ 43 እጅ የሚሆኑት ወይ ስፖርተኞች፣ ወይ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የመምህራንና የለጋሾች ወገኖች መሆናቸው ሲገለጥ፣ ብያኔው ይህን ብልጫ ሳይነካው አለፈ። ከብያኔውም በኋላ በ2024 በኤም አይ ቲ አዲስ ከገቡት ተማሪዎች ጥቁሮቹ ከመቶ 13 ወደ 5፣ በአምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3 ወረዱ፤ የጆንሰንንም ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ሻሩት።

እንግዲህ ልጃችሁ በድርሰቱ የራሱን ሕይወት በእውነት ይጻፍ፤ በባርነት ያለፉትን ሰዎች ታሪክ ግን የቤቱ ታሪክ አስመስሎ አያቅርብ። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂንያ በ2024 ባወጡት ሕግ፣ ቨርጂንያ በመንግሥት ኮሌጆቿ፣ ሜሪላንድ ደግሞ በግሎቹም ጭምር፣ የቀድሞ ተማሪ ልጅ በመሆን የሚገኘውን ብልጫ አስቀርተዋልና፣ ሕጉ እንዲጸና ድምፅ ያላችሁ ሁሉ ለምክር ቤት እንደራሴዎቻችሁ ጻፉ። እኔም በማኅበራችን ለልጆቻችን ከምናሰባስበው የትምህርት መርጃ ገንዘብ ከፊሉ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ለሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች እንዲውል፣ በምጽዋት ስም ሳይሆን ከተቀበልነው ላይ እንደ መመለስ ተቈጥሮ፣ በሚመጣው ጉባኤ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የምትቃወሙም የምትደግፉም ምክንያታችሁን አስቀድማችሁ ጻፉልኝ።