የዮጋ መምህራን ከፍተኛ ሥልጠና፦ ጤናማ ሰው ከማስተማር ሕመም ያለበትን ሰው ወደ ማስተማር

መግቢያ

የሚከተለው ሁኔታ በየትኛውም ክሊኒክ ሊያጋጥም ይችላል። ዕድሜያቸው 58 ዓመት የሆነ አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የዐይን ግፊት (ግላኮማ) እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፤ የወገብ ሕመም ካደረባቸውም ሰንብቷል። ሐኪማቸው ቀለል ያለ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክሯቸዋል፤ ልጃቸውም ወደ ዮጋ ትምህርት ትወስዳቸዋለች። መምህሩ ትጉህና ቅን ነው፤ የምስክር ወረቀትም አለው። ይሁንና የምስክር ወረቀቱን ያገኘው ጤናማ ሰዎችን ለማስተማር በሚያበቃ ሥልጠና ነው። ከፊቱ የቆሙት እናት ግን ሦስት የጤና ችግሮች አሉባቸው።

የዮጋ መምህራን ከፍተኛ ሥልጠና አስፈላጊነት የሚመነጨው ከዚህ ክፍተት ነው። ከፍተኛ ሥልጠና ሲባል ብዙዎች እንደ በራስ መቆም ያሉ ይበልጥ አስቸጋሪ የሆኑ አቋሞችን መማር ይመስላቸዋል። ከጤና አንጻር ሲታይ ግን ዋናው ፍሬ ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የትኛው እንቅስቃሴ ለማን እንደማይስማማ ማወቅ፣ ልምምዱን እንደ ሰውየው ሁኔታ ማመቻቸትና ከሙያው ድንበር ሲደርሱ ወደ ሐኪም መምራት ነው።

የሥልጠናው ደረጃዎች

ዮጋ ከጥንታዊት ሕንድ የመነጨ፣ የሰውነት አቋምን፣ የአተነፋፈስ ሥርዓትንና ተመስጦን ያጣመረ ልምምድ ነው። ዕውቀቱ ለብዙ ዘመናት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በተግባር ሲተላለፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 ስዋሚ ኩቫላያናንዳ በሎናቭላ ካይቫልያዳማ የተባለውን ተቋም መሥርተው የዮጋን ውጤት በሳይንሳዊ መሣሪያ መመርመር ጀመሩ። በሌላ በኩል ቲሩማላይ ክሪሽናማቻሪያ (1888-1989) በማይሶር ካስተማሯቸው መካከል ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር (1918-2014) ይገኙበታል። አየንጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በፑኔ በተከፈተው ተቋማቸው ወንበርን፣ ቀበቶን፣ ብርድ ልብስንና የእንጨት ድጋፍን በመጠቀም ሕመምተኞችም እንዲለማመዱ አድርገዋል። በእርሳቸው ስልት መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ለዓመታት መማርና መፈተን ይጠበቅበታል።

በሰዓት የሚለካው ሥልጠና በስፋት የታወቀው ዮጋ አሊያንስ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ከተመሠረተ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ 200 ሰዓት ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት የሚማር ሰው በ25 ቀናት ሊያጠናቅቀው ይችላል። በቀድሞው መስፈርት መሠረት ከዚህ ውስጥ ለአካል ቅርጽና አሠራር ትምህርት (አናቶሚና ፊዚዮሎጂ) የተመደበው 20 ሰዓት ብቻ ነበር፤ በኋላ በተሻሻለው መስፈርት 30 ሰዓት ሆኗል። የ200 ሰዓቱን የጨረሰ ሰው ተጨማሪ 300 ሰዓት ተምሮ የ500 ሰዓት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከፍተኛ ሥልጠና የሚባለው በአብዛኛው ይህ ነው።

በዮጋ አማካይነት ሕመምተኞችን መርዳት ለሚፈልጉ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ መስፈርት አለ። ዓለም አቀፉ የዮጋ ቴራፒስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መስፈርት መሠረት ሥልጠናው ቢያንስ 800 ሰዓት ሆኖ ከሁለት ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ይሰጣል። ወደ ሥልጠናው ለመግባትም የ200 ሰዓት ትምህርትና የአንድ ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠየቃል።

አደጋው ምንድን ነው?

ዮጋ በአጠቃላይ አደገኛ ልምምድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 94 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ፣ ዮጋ ከተለመደው ሕክምናም ሆነ ከሌላ የአካል እንቅስቃሴ የበለጠ ጉዳት እንደማያስከትል አመልክቷል። ነገር ግን በሕክምና መጽሔቶች የተመዘገቡ የጉዳት ዘገባዎች አሉ፤ እነዚህም ከፍተኛ ሥልጠና ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ያነሣሉ።

1. ዐይን። ሰው በራሱ ሲቆም በራስ አካባቢ ባሉ የደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር በዐይን ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የሕንድ ጥናት በራስ በመቆም ጊዜ የዐይን ግፊት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ታይቷል። ግላኮማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እስኪባባስ ድረስ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ መምህሩ ሳይጠየቅ የሚነግረው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል።

2. አጥንት። ወደ ፊት ማጎንበስ የአከርካሪ አጥንቶችን የፊት ክፍል ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1984 የአጥንት መሳሳት ባለባቸው 59 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቃና እንቅስቃሴ ካደረጉት ሴቶች መካከል 16 በመቶዎቹ፣ ወደ ፊት የሚያጎነብስ እንቅስቃሴ ካደረጉት ደግሞ 89 በመቶዎቹ አዲስ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ወይም መጨፍለቅ ታይቶባቸዋል። በብዙ የዮጋ ክፍሎች የሚዘወተረው ቁጭ ብሎ ጣትን መንካት ለእነዚህ ሴቶች ተስማሚ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

3. አንገትና ነርቭ። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ሪቺ ራስል እ.ኤ.አ. በ1972 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጽሑፍ፣ አንገትን ከመጠን በላይ የሚያጥፉ አቋሞች ወደ አንጎል የሚሄዱትን የአከርካሪ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ሊጎዱ እንደሚችሉ አሳስበዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለረጅም ጊዜ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ ከመቀመጥ የተነሣ ከጉልበት በታች የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቶ እግር ወደ ላይ አልነሣ ያለበት ሁኔታ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል።

4. ሳንባ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ዘገባ ፈጣንና ኃይለኛ የአተነፋፈስ ልምምድ ስታደርግ በሳንባዋ ዙሪያ አየር የተጠራቀመባትን አንዲት ወጣት ሴት ይገልጻል።

እነዚህ ጉዳቶች ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ አቋሙ ወይም አተነፋፈሱ ለብዙዎች የማይጎዳ ሲሆን፣ ለተወሰነ ሰው ወይም ከልክ ሲያልፍ ግን ይጎዳል። የ25 ቀን ትምህርት አቋሙን ያስተምራል፤ ሰውን መለየት ግን ጊዜና ክትትል ይጠይቃል።

ጥቅሙስ?

ጥንቃቄው ዮጋን ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 12 ጥናቶችን መርምሮ፣ ዮጋ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እንቅስቃሴ ከአነስተኛ እስከ መካከለኛ ደረጃ እንደሚያሻሽል አመልክቷል። በአንጻሩ ምንም እንቅስቃሴ ካላደረጉት ይልቅ በተለማማጆቹ ላይ የጎንዮሽ ጉዳት፣ በተለይም የወገብ ሕመም መባባስ፣ በዝቶ ታይቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በ320 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ለ12 ሳምንታት የተሰጠ የዮጋ ትምህርት ከፊዚዮቴራፒ ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በዚህ ጥናት የተሰጠው ትምህርት ለወገብ ሕመምተኞች ታስቦ የተዘጋጀ እንደነበረ ልብ ማለት ያሻል። ውጤቱ ለማንኛውም የዮጋ ክፍል የተሰጠ ማረጋገጫ አይደለም።

የሙያው ድንበር

ከፍተኛ ሥልጠና አንድ አደጋም ሊያስከትል ይችላል፤ የተማረው መምህር ራሱን እንደ ሐኪም መቁጠር ይጀምር ይሆናል። ዮጋ አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመዘገቡ መምህራን በእርሱ ምዝገባ ብቻ ተመርኩዘው «የዮጋ ቴራፒ» የሚለውን ስያሜ እንዳይጠቀሙ የወሰነው ይህን መደበላለቅ ለማስወገድ ነበር። የ500 ሰዓት ምስክር ወረቀት የማስተማር ብቃትን ያመለክታል እንጂ በሽታን የመለየት፣ መድኃኒት የማዘዝ ወይም የማስቆም ሥልጣን አይሰጥም። በተመስጦና በአተነፋፈስ ልምምድ የደም ግፊቱ የቀነሰለት ሰው እንኳ መድኃኒቱን ማቆም ያለበት ሐኪሙ ሲወስን ብቻ ነው።

ሐኪሙ ምን ይጠይቅ?

በአዲስ አበባም በአንዳንድ የስፖርት ማዘውተሪያዎች ዮጋ ይሰጣል። ታካሚውን ወደ ዮጋ ትምህርት የሚልክ ሐኪም «ዮጋ ይሥሩ» ብሎ ማለፍ አይበቃውም። መምህሩ ከመጀመሪያው ደረጃ በላይ ሠልጥኖ እንደሆነ፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ስለ ሕመሙና ስለሚወስደው መድኃኒት የሚጠይቅ መሆኑን፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያስተምርና ለማይችሉ ሰዎች ወንበር ወይም ሌላ ድጋፍ እንደሚያቀርብ ማጣራት ይበጃል። ሐኪሙም በበኩሉ መወገድ ያለባቸውን እንቅስቃሴዎች በአጭር ማስታወሻ ጽፎ ቢሰጥ ለመምህሩ ትልቅ እገዛ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በመግቢያው የተጠቀሱት እናት በቂ ሥልጠና ያለው መምህር ቢገጥማቸው፣ መምህሩ ምንጣፍ ከማንጠፉ በፊት ጥያቄ ይጠይቃቸዋል። ራስ ወደ ታች የሚዘቀዘቅባቸውን አቋሞች ከትምህርታቸው ያወጣል፤ የደም ግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ስለሚያውቅ ከተኙበት ቀስ ብለው እንዲነሡ ያደርጋል፤ ለወገባቸው የሚስማማውን በወንበር ላይ ያስጀምራቸዋል፤ እግራቸውን ቢደነዝዛቸው ወይም ዐይናቸውን ቢያማቸው ትምህርቱን አቁሞ ወደ ሐኪማቸው ይልካቸዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተመልካችን የሚያስደንቅ አንድም አቋም የለም። የከፍተኛ ሥልጠና መለኪያው መምህሩ በራሱ ሰውነት የሚያሳየው ሳይሆን፣ እኒህ እናት ትምህርቱን ጨርሰው ወደ ቤታቸው በሰላም መመለሳቸው ነው።