ገመድ አልባው ማውስ ለምን ይዘገያል?

«ዝቋላ» የሚለው ስም ሲጠራ የብዙ ሰው አሳብ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ወደሚገኘው ተራራ ያመራል። ይሁን እንጂ በዋግ ኽምራም፣ ከሰቆጣ በስተምዕራብ ወደ ተከዜ ወንዝ በሚወርደው ምድር፣ ዝቋላ የሚባል ወረዳ አለ፤ ዋና ከተማውም ጽጽቃ ነው። ስለዚህ አንድ መንገደኛ «ወደ ዝቋላ እሄዳለሁ» ብሎ ቢነሣ፣ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ካልገለጸ በቀር የሚሳፈርበትን መኪና በትክክል የሚያሳየው ሰው አያገኝም። አንድ ስም ሁለት ቦታ ሲሸፍን መንገደኛውን እንደሚያሳስት ሁሉ፣ አንድ ቃል ብዙ ዓይነት ብልሽት ሲሸፍንም ጠጋኙን ያሳስታል። በዚህ ምንባብ ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ፣ ይኸውም ስለ ገመድ አልባው የኮምፒዩተር ማውስ፣ እየተነጋገርን ብልሽትን በስሙ መጥራት ምን ያህል እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

በጽጽቃ ከተማ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ማውስ አለ እንበል። ጸሐፊዋ እጇን ስታንቀሳቅስ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት አልታዘዝ አላት። ሰቆጣ ላለው ጠጋኝ ስልክ ደውላ «ማውሱ አስቸገረኝ» ብትለው ምን ሊመልስላት ይችላል? «አዲስ ግዙ» ወይም «ይዛችሁ ኑ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። ምናልባት ግን ጉድለቱ ያለው ከማውሱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ወይም በኮምፒዩተሩ በራሱ ውስጥ ይሆናል። በዚያ ጊዜ የመንገዱ ድካምም ሆነ የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ከንቱ ይቀራል። ነገሩ ለእናንተ ለተማሪዎችም ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀት ብቻ ሳይወሰን በኮምፒዩተርም ተሰጥቷል፤ በኮምፒዩተር ለሚፈተን ተማሪ ደግሞ ቀስቱ በዘገየ ቍጥር የሚባክነው የራሱ ሰዓት ነው።

ማውስን የፈለሰፈው ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ ነው። የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ሁለት ጎማዎች ነበሩት። ኤንግልባርት መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለሕዝብ አሳየ። ትርጕሙ አይጥ የሆነው ይህ ስም የወጣለትም ገመዱ እንደ ጅራት ስለሚታይ ነበር። የዛሬው ገመድ አልባ ማውስ ጅራቱን አጥቶ ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ገመዱ ሲቀር፣ ገመዱ ይሠራ የነበረው ሥራ አልቀረም፤ በራዲዮ ሞገድ ተተካ እንጂ።

የብልሽቱን መንሥኤ ለማግኘት አስቀድማችሁ መልእክቱ ከእጅ እስከ ስክሪን የሚሄድበትን መንገድ ዕወቁ። መንገዱ አራት ጣቢያዎች አሉት። የመጀመሪያው ዓይን ነው፤ ከማውሱ ሆድ ሥር ያለ ትንሽ ካሜራ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ የጠረጴዛውን ገጽ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ አንዱን ሥዕል ከሌላው ጋር በማነጻጸር እጃችሁ ወዴት እንደ ሄደ ያሰላል። ሁለተኛው አፍ ነው፤ ማውሱ ያሰላውን በራዲዮ ሞገድ ይናገራል። ሦስተኛው ጆሮ ነው፤ ይህም በኮምፒዩተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ የምትሰካው ትንሽ መቀበያ ወይም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ብሉቱዝ ነው። አራተኛው አእምሮ ነው፤ ኮምፒዩተሩ መልእክቱን ተረድቶ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። ብዙዎቹ ማውሶች ይህን መልእክት በሴኮንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊሴኮንዱ፣ ያደርሳሉ። ከአራቱ አንዱ ሲሰንፍ ጠቅላላው መንገድ ይሰንፋል።

አማርኛችን የቀስቱን ጠባይ ለይቶ የሚገልጽ ብዙ ግስ አለው። ከእነዚህ አምስቱን አስተውሉ፦ ይዘገያል፣ ይንቀራፈፋል፣ ይዘላል፣ ይቆራረጣል፣ ያንቀላፋል። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ወደ ተለየ ጣቢያ ያመለክታል።

ቀስቱ እጅን ሳይስት፣ ነገር ግን ዘወትር ወደ ኋላ እየቀረ የሚከተል ከሆነ «ይዘገያል» እንላለን። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት አእምሮው ነው። ኮምፒዩተሩ ብዙ ፕሮግራሞች ተከፍተውበት ወይም ቫይረስ ገብቶበት ሥራ ሲበዛበት የማውሱን መልእክት ተራ ያስጠብቀዋል። ይህን ለማረጋገጥ ላፕቶፕ ከሆነ በጣት የሚዳሰሰውን ሰሌዳ፣ ካልሆነም ባለገመድ ማውስ ተውሳችሁ ሞክሩ። በእነዚህም ቀስቱ ከዘገየ ማውሱ ንጹሕ ነው፤ የማያስፈልጉትን ፕሮግራሞች መዝጋት ወይም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ይገባል። በእነዚህ ካልዘገየ ግን ጉድለቱ ከማውሱ ወይም ከመንገዱ ነው።

ቀስቱ እጅ እንደ ተንቀሳቀሰ ወዲያው ቢነሣ፣ ዳሩ ግን ጥቂት ርቀት ብቻ ቢጓዝ «ይንቀራፈፋል» ማለት ይሻላል። ይህ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የቀስቱን ፍጥነት የሚወስን ማስተካከያ አለ፤ አንዳንዱ ማውስም በጀርባው ላይ ፍጥነት የሚለውጥ ቍልፍ ስላለው፣ ሳይታሰብ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። መዘግየት የጊዜ ጉዳይ ነው፤ መንቀራፈፍ ደግሞ የርቀት ጉዳይ ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው ፍጥነቱን ከፍ በማድረግ የዘገየውን ቀስት ለማዳን ይደክማል፤ ውጤቱም የዘገየ ብቻ ሳይሆን አልጨበጥ ያለ ቀስት ይሆናል።

ቀስቱ ካልታሰበበት ቦታ ዘሎ ሲገኝ፣ ወይም እጅ ሳይነካው ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኑን መርምሩ። ዓይኑ የጠረጴዛውን ጥቃቅን ሸካራነት እያየ ስለሚሠራ፣ መስተዋት ወይም እንደ መስተዋት የሚያበራ ገጽ ያደናግረዋል። እንዲሁም ከዓይኑ ላይ የተለጠፈ አንድ ፀጉር ወይም የበጋ አቧራ ከአንድ ሥዕል ወደ ሌላው የሚደረገውን ንጽጽር ያበላሻል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማውሱን አጥፍታችሁ ቀዳዳውን በደረቅና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፀጉሩን በወረንጦ አውጡ፣ ከሥሩም የማያብረቀርቅ ወረቀት አንጥፉ። ወረቀት ሲነጠፍ ቀስቱ ከተረጋጋ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነበር።

ቀስቱ ሄድ ብሎ ቆም፣ ቆም ብሎ ሄድ የሚል ከሆነ «ይቆራረጣል»። ይህ ጠባይ አፍን ወይም ጆሮን ያሳማል፤ አስቀድሞ ግን ባትሪ ድንጋዩን ተመልከቱ። ኀይሉ የደከመ ማውስ ድምፁ እንደ ሰለለ ሰው ነው፤ ከቅርብ ይሰማል፣ ከሩቅ ይጠፋል። በአገራችን ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነው። ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ስለሚያፋጥነው ድንጋዩ ለጥቂት ጊዜ የነቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለቀው አይመለስም፣ ድንጋዩም ፈሳሽ አውጥቶ ማውሱን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በአዲስ ባትሪ ድንጋይ ይሁን፤ ሁለት የሚገባበት ከሆነም አሮጌውንና አዲሱን አትቀላቅሉ።

ባትሪ ድንጋዩ ደኅና ከሆነ የራዲዮውን መንገድ መርምሩ። አብዛኛው ገመድ አልባ ማውስ የሚናገረው 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሞገድ ክልል ነው። በዚሁ ክልል ብሉቱዝ ይናገራል፣ ብዙ ዋይፋይም ይናገራል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም ሲሠራ ሞገዱ ወደዚያው ያመልጣል። በገበያ ቀን በሕዝብ መካከል ሆናችሁ ራቅ ካለ ወዳጅ ጋር ብትነጋገሩ ቃላት እየተቆራረጡ ይደርሷችኋል፤ ማውሱም እንዲሁ ይሆናል። ከዚህም በላይ መቀበያው ከኮምፒዩተሩ በስተኋላ ከተሰካ የብረቱ ሣጥን ይጋርደዋል። የሰው ገላም በውስጡ ባለው ውኃ ምክንያት ይህን ሞገድ ይውጣል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላም ጎረቤት አለ። ዩኤስቢ 3.0 የሚባለው ፈጣን መስመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ፣ በሚሠራበት ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል የራዲዮ ጫጫታ ያሰማል። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ በምርመራ ገልጿል። በአጠገቡ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ተሰክቶ ፋይል ሲገለበጥ ቀስቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቀበያውን ከጫጫታው አርቃችሁ ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛውሩ፤ የማራዘሚያ ገመድ ካለም መቀበያውን በጠረጴዛው ላይ ከማውሱ አጠገብ አምጡት። ዋይፋዩ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ክልል መዛወር የሚችል ከሆነ እርሱን ማዛወርም መንገዱን ያቃልላል።

በመጨረሻም ቀስቱ በሥራ ላይ ሳለ ደኅና ሆኖ፣ እጅ ጥቂት ካረፈ በኋላ ግን ሲነኩት ቶሎ የማይነሣ ከሆነ «ያንቀላፋል»። ማውሱ ባትሪውን ለመቆጠብ፣ ኮምፒዩተሩም ኀይሉን ለመቆጠብ የማይሠራበትን ክፍል ያሳርፋሉ። የማውሱ እንቅልፍ ተፈጥሮው ስለሆነ በበሽታ አይቈጠርም። የኮምፒዩተሩ ግን ሲበዛ፣ ኀይል ለመቆጠብ የዩኤስቢውን ቀዳዳ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ማስተካከያ ማንሣት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትክክለኛው ግስ ወደ መንሥኤው ያመለክታል እንጂ ራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ የደከመ ባትሪም ቀስቱን ሊያዘገይ፣ የቆሸሸ ዓይንም ቀስቱን ሊያቆራርጥ ይችላል። ማስረጃው ሙከራ ነው። ሙከራውም ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው ገንዘብና ድካም ከማይጠይቀው መጀመር ነው፤ ወረቀት ማንጠፍና መቀበያውን ማዛወር ምንም ወጪ የለባቸውም። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ባትሪውን፣ ቀዳዳውንና ጠረጴዛውን በአንድነት የለወጠ ሰው ቀስቱ ቢድንለት እንኳ ያዳነውን አያውቅም፤ ብልሽቱም ነገ ሲመለስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ የጽጽቃዋ ጸሐፊ እንደገና ስልኩን ታንሣ። አሁን እንዲህ ትላለች፦ «ቀስቱ አይዘገይም፣ ይቆራረጣል። አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገብቼ አልተሻለውም። በባለገመድ ማውስ ስሞክር ደኅና ነው። የሚቆራረጠውም ከፍላሽ ላይ ፋይል ስገለብጥ ብቻ ነው።» አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ጠጋኙ ግን መቀበያውን ከፍላሹ እንድታርቀው ለመምከር ሌላ ቃል አያስፈልገውም፤ ማንም ከጽጽቃ እስከ ሰቆጣ መጓዝ የለበትም። በአማርኛም ሆነ በኽምጣና ያየውን ለይቶ የሚናገር ሰው፣ መፍቻ ባይጨብጥ እንኳ፣ የጥገናውን እኩሌታ ሠርቷል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ጸሐፊዋ በመጀመሪያ የተናገረችው ዓረፍተ ነገር ለጠጋኙ ያልጠቀመው ለምንድን ነው?
2. በመዘግየትና በመንቀራፈፍ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በፀሐይ የሞቀ አሮጌ ባትሪ ድንጋይ መርማሪውን እንዴት ሊያሳስት ይችላል?
4. በአንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን መለወጥ ምርመራውን የሚያበላሸው ስለ ምንድን ነው?

ለ. «ይዘገያል፣ ይንቀራፈፋል፣ ይዘላል፣ ይቆራረጣል፣ ያንቀላፋል» የሚሉትን ግሦች ከማውስ ውጭ ስላለ ነገር በተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች አስገቡ። ቀጥሎም እያንዳንዱን ግስ በሌላው ብትተኩት ትርጕሙ እንዴት እንደሚለወጥ አስረዱ።

ሐ. ወፍጮ፣ ራዲዮ ወይም የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ የሚያሳያቸውን ሦስት ልዩ ልዩ ምልክቶች መርጣችሁ፣ ምልክቱን ከመንሥኤው፣ መንሥኤውንም ከመፍትሔው ጋር በማያያዝ ሁለት ገጽ የሚሆን ገላጭ ድርሰት ጻፉ።