ሞለስክ፦ ዛጎል ለሌላቸው የወጣ ስም

ዝናቡ ካባራ በኋላ አጥር ሥር የምትሳበውን ቀንድ አውጣ ነካ ቢያደርጓት፣ በመጀመሪያ ጫፋቸው ላይ ዐይን ያለባቸውን ሁለት ረጃጅም ቀንዶቿን ትከታለች፤ ቀጥላም መላ ገላዋን ወደ ዛጎሏ ትሰበስባለች። አማርኛ በቀንዷ ሲጠራት፣ የእንስሳት ሊቃውንት የሚመድቧት በገላዋ ልስላሴ ነው፤ ሞለስክ ይሏታል።

ቃሉ የመጣው "ሞሊስ"፣ ማለትም ለስላሳ፣ ከሚለው ላቲን ነው። ከሮማውያን ቀደም ብሎ አሪስቶትል ኦክቶፐስንና ስኩዊድን "ማላኪያ"፣ ለስላሶቹ፣ ብሎ ጠርቷቸው ነበር፤ ባለ ዛጎሎቹን ግን ለብቻ መድቧቸዋል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1758 "ሞሉስካ" ባለው ክፍል ዛጎል አልባዎቹን፣ ጄሊፊሽንና የባሕር ኮከብን ሳይቀር አጎረ። ቀንድ አውጣንና ኦይስተርን ዛጎላቸውን አይቶ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዳቸው። ስሙ መጀመሪያ የወጣው እንግዲህ ዛሬ ቀድመው ለሚታወሱን ባለ ዛጎሎች አልነበረም።

ነገሩን ያቃናው ፈረንሳዊው ጆርጅ ኩቪዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 ዝምድናቸውን ከላይ በሚታየው ሳይሆን በውስጥ አካላቸው አሠራር መረመረ። ባለ ዛጎሎቹ ከእነ ኦክቶፐስ ጋር ተቀላቀሉ፤ ጄሊፊሽና የባሕር ኮከብ ወጡ።

ልክም ነበር፤ ዛጎሉን የሚሠራው ያው ለስላሳ ገላ ነውና። ማንትል የሚባለው የቆዳ እጥፋት ካልሲየም ካርቦኔት እያመነጨ በዛጎሉ አፍ ዙሪያ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣዋ ስታድግ ዛጎሏም አብሯት ያድጋል። የስኩዊድ ዛጎል ቀጥኖ ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ኦክቶፐስ ጨርሶ የለውም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ሞለስኮች ደግሞ ምግባቸውን እንደ ሞረድ የሚፍቁበት፣ ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበት ራዱላ የተባለ ምላስ አላቸው።

በአገራችን የሞለስክ ነገር ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማ አይዘነጉም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ አካባቢ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በወንዝና በሐይቅ ቀንድ አውጣዎች ገላ ውስጥ መራባት ግድ ስለሚለው፣ እነሱን ማጥፋት የበሽታውን መተላለፊያ መቁረጥ ነው። የልብስ ማጠቢያው እንዶድም በሳይንሱ ዓለም "ሞለስኪሳይድ"፣ ሞለስክ ገዳይ፣ ተብሎ ተመዘገበ።